የዋዜማው ሩጫ

ውድ ወዳጆቼና ተከታዮቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

የዶሮው ሽንኩርት እየተቁላላ፣ ቄጤማው እየተጎዘጎዘ፣ ቴሌቪዥኑም በበዓል ዝግጅቱ ቤቱን እያደመቀ ባለበት በዚህ ሰዓት ስለ በግ ዋጋ ወይም ስለ አዳዲስ የበዓል ዘፈኖች ባወራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ዘመን በተለወጠ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ወደ ሩጫ ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለኝ።

አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የሮምን ኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ድሉን ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለምንጠቅሰው ይህ ዋዜማነቱ ይዘነጋል፤ ለእኔ ግን የታሪኩ ግማሽ ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ውድድሩ ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ወደ ማምሻው ተጀምሮ የተጠናቀቀው ከጨለመ በኋላ ነበር። በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ግራና ቀኝ የቆሙ ወታደሮች ችቦ አብርተው ለሯጮቹ መንገዱን ያሳዩ ነበር። እኛ ዘንድ ልጆች ችቦ ለኩሰው አሮጌውን ዓመት በሚሸኙበት በዚያው ምሽት፣ የእኛ ሰው በሮም በችቦ ብርሃን እየሮጠ ነበር ማለት ነው። ይህን ማንም አቅዶ ያደረገው አይደለም፤ እንዲህ ያለ መገጣጠም ግን ባሰብኩት ቁጥር ያስደንቀኛል።

አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ብዙ ከተጓዘ በኋላ፣ ጥሎት የሄደው ፋሺስት ጣሊያን ዘርፎ ሮም ላይ ባቆመው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነበር። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 25 ሰከንድ ብቻ ነው። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ስለሆነ፣ አበበ ከሐውልቱ አርባ አምስት ዓመት ያህል ቀድሞ በድል አገሩ ገብቷል።

ከዚያ ወዲህም መስከረም ለሯጮቻችን ወረታውን አላጓደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በሲድኒ ኦሎምፒክ የተናነቁት መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ነበር። ቴርጋት በመጨረሻው ዙር አፈትልኮ ወጥቶ፣ ኃይሌም ተከትሎት፣ 10 ሺህ ሜትር ከሮጡ በኋላ አሸናፊውን ኃይሌንና ቴርጋትን የለያያቸው ከአንድ ሰከንድ መቶኛው ዘጠኝ ብቻ ነበር። ያን ውድድር ቴሌቪዥን በደገመው ቁጥር ቤታችን ያለውን ሁኔታ ብታዩ! ውጤቱን በቃላቸው የሚያውቁ አባቶች ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፤ «አሁን! አሁን ውጣ!» እያሉ ያዙታል፤ እናቶችም ቡናውን መቅዳት ትተው ስለት ይሳላሉ። ልጆቹ ስልካቸውን አስቀምጠው ቀና የሚሉትም ያኔ ነው፤ እውነቱን ለመናገር፣ በዓል በዓል የሚሸተኝ ይህን ጊዜ ነው።

በቅርቡም ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ፣ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለችው። ትዕግሥት ቀደም ሲል በሪዮ ኦሎምፒክ የተወዳደረችው በ800 ሜትር፣ ማለትም በሁለት ዙር ርቀት ነበር። በዚህ ዓመት ሥራ ለምትቀይሩ፣ ትምህርት ለምትጀምሩ፣ ወይም «አሁንማ ዘግይቻለሁ» ብላችሁ ለተቀመጣችሁ ሁሉ የእርሷን ዓይነት መንገድ እመኝላችኋለሁ።

ለታመሙት ምሕረትን፣ ለተለያዩት መገናኘትን፣ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥልን። የዘንድሮው የበርሊን ማራቶንም እየደረሰ ነውና፣ ማንን እንደምትደግፉ ከወዲሁ ጻፉልኝ፤ እኔ እንደተለመደው ቡናዬን አስፈልቼ ከቴሌቪዥኑ ፊት እጠብቃለሁ። መልካም አዲስ ዓመት!