ነዳጅ የሚቆጥር ልብ ወለድ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሳነብ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ደራሲው ለነዳጅ የሰጠውን ቦታ ነው። መንኮራኩሩ ቁልፍ በመጫን ብቻ ከፕላኔት ፕላኔት የሚመላለስ ከሆነ፣ ገጸ ባሕርያቱ የቱንም ያህል ቢያምሩ መጽሐፉን አልጨርሰውም፤ ተጓዦቹ ለመመለሻ የቀረቻቸውን ነዳጅ እየሰፈሩ የሚጨነቁበት ታሪክ ከሆነ ግን ሳላስቀምጠው ይነጋል።

ይህን ምርጫዬን የቀረጸው ስደት ነው። የአዲሱን አገር ቋንቋ ገና እየተኮላተፍኩበት ሳለሁ ልብ ወለድ በየገጹ መዝገበ ቃላት ያስገልጠኝ ስለነበር፣ ከቤተ መጻሕፍት የምዋሰው ሥዕሉና ቀመሩ ያለ አስተርጓሚ የሚገባኝን የሮኬት መጽሐፍ ነበር። ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪን ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው። በልጅነቱ በሕመም ምክንያት የመስማት ችሎታው ክፉኛ የተጎዳው ይህ ሩሲያዊ መምህር፣ አብዛኛውን ዕውቀቱን ከመጻሕፍት በራሱ ጥረት ቀስሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 የሮኬትን ጉዞ የሚገዛውን ቀመር አሳትሟል። ልብ ወለድም ይጽፍ ነበር።

ቀመሩ ምሕረት የለውም። ምድርን ለመዞር በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ከአየርና ከስበት ጋር በሚደረገው ትግል የሚባክነው ሲታከልበት ስሌቱ ከ9 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። 9 ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ ፍጥነት በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ሮኬቱ ሲነሣ የሚኖረው ክብደት ነዳጁ ሲያልቅ ከሚኖረው 20 እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ከ100 ኪሎ ውስጥ 95ቱ ነዳጅና ኦክስጅን ነው ማለት ነው፤ የቀሩትን 5 ኪሎዎች ታንኩ፣ ሞተሩና ተሳፋሪው ይሻሟቸዋል። ነዳጅ እንጨምር ቢባል ደግሞ የተጨመረውን የሚያነሣ ሌላ ነዳጅ ያስፈልጋል። ሮኬቶች በደረጃ፣ ማለትም የየራሳቸው ሞተርና ታንክ ባላቸው ተደራራቢ ክፍሎች፣ የሚሠሩትና ባዶ ታንካቸውን በመንገድ ላይ የሚጥሉት በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱን ጥሎ ሲወጣ በአንዲት ሻንጣ ፊት ቆሞ የትኛውን ልያዝ፣ የትኛውን ልተው ያለ ሰው፣ በጠፈር ላይ እያንዳንዱን ኪሎ የሚመዝን ገጸ ባሕርይ ሲያጋጥመው ጭንቀቱ ልቡ ውስጥ ይገባል።

ፈረንሳዊውን ደራሲ ዡል ቬርንን ግን ከዚህ የንባብ ሕጌ አወጣዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎችን ወደ ጨረቃ የላከው በመድፍ ነው፤ በእውነቱ ዓለም ድንገተኛው ግፊት ተሳፋሪዎቹን ገና ሲተኮሱ ይጨፈልቃቸው ነበር። ሆኖም ነገሩን በቁጥር ለመሞገት ደፍሯል፤ ጺዮልኮቭስኪም ሆነ ጀርመንኛ ተናጋሪው የሮኬት ተመራማሪ ኸርማን ኦበርት ወደ ጠፈር ሐሳብ የተሳቡት እርሱን አንብበው ነው። ከዚህ የበለጠ ውለታ ከልብ ወለድ አልጠብቅም።

ንባቡ ኋላ ላይ ወደ እጅ ሥራ አመራኝና ትንንሽ ሮኬቶችን ከሚሠሩ አማተሮች ጋር ተቀላቀልኩ። ቋንቋዬ ገና ሙሉ ባይሆንም ሥራው ራሱ ያግባባን ነበር። ከሁሉ የምወደው የክሩን ፍተሻ ነው። ሞተሩን ከነባሩዱ ካስገባሁ በኋላ ሮኬቱን በሚዛኑ ቦታ ላይ በክር አስሬ፣ ከራሴ በላይ አሽከረክረዋለሁ፤ አፍንጫው ቀድሞ ከበረረ ለመወንጨፍ ደርሷል። ከተገለባበጠ የክብደቱ ማዕከል አየሩ ከሚገፋበት ማዕከል በበቂ አልቀደመም ማለት ስለሆነ፣ አፍንጫው ላይ ክብደት እጨምራለሁ ወይም የጅራቱን ክንፎች አሰፋለሁ። በረራው በሰከንዶች ያልቃል፤ ነገር ግን አሜሪካዊው የሮኬት ተመራማሪ ሮበርት ጎዳርድ እ.ኤ.አ. በ1926 ያስወነጨፈው የመጀመሪያው ባለ ፈሳሽ ነዳጅ ሮኬትም አየር ላይ የቆየው 2.5 ሰከንድ ያህል ሲሆን፣ የወጣው ከፍታም 12 ሜትር ገደማ ነበር።

አሁን የምሠራው ባለ ሁለት ደረጃ ነው። የታችኛው ሞተር ባሩዱን ነድቶ ሲጨርስ ነበልባሉ ወደ ላይ ዘልቆ የላይኛውን ይለኩሳል፤ የታችኛው ክፍል ያን ጊዜ ተላቅቆ ይወድቃል። ለዚህ ሲባል ሙጫውንም ቀለሙንም ሳይቀር በሚዛን እየለካሁ ነው።