ፍሬሽዋተር ላይ መሸብን

ይህን የምጽፈው ባለፈው ጥቅምት አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ የጋሼ እጅ አይሰነጠቅም ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ተወልደው ያደጉት ደብረ ታቦር ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ስም ሲነሳ ድምፃቸው ይለወጣል። በስድስት ወር የጎብኚ ቪዛ ለንደን እኔ ጋ መጡ። ቢግ ቤንን ሳሳያቸው "ጥሩ ነው" ብለው አለፉት። የአፄው ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወዳረፈበት ወደ ዊንዘር ስወስዳቸው ግን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ወጥተን ባቡር እስክንገባ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ "መቃብሩንማ አየሁት" አሉኝ። "በሕፃንነቱ የቆመበት መሬት የለም? እሱን አሳየኝ።"

አለ። ፍሬሽዋተር የምትባል መንደር ናት፤ ከእንግሊዝ በስተደቡብ ባለው የዋይት ደሴት ምዕራብ ጫፍ። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሲወድቅ ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁን ይዞት የመጣው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ የሚሉት። በዚያው ክረምት ደሴቱ ላይ በሚገኘው የኦዝቦርን ቤተ መንግሥት ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። ፍሬሽዋተር ውስጥ ደግሞ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶ አንሺ አነሳችው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ያ የሚያሳዝን ፊት ከእሷ ካሜራ የወጣ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከዋተርሉ በባቡር ብሮክንኸርስት፣ እዚያ ቀይሮ ሊሚንግተን ፒር፣ ከባቡሩ ወርዶ በቀጥታ ወደ ጀልባው። አርባ ደቂቃ ያህል በባሕር ሄዳችሁ ያርማውዝ ትወርዳላችሁ። የጉብኝት ብሮሸሮች መኪና ይዛችሁ ተሻገሩ ይላሉ። እኔ አትያዙ እላለሁ። መኪና ማሻገር ውድ ነው፣ የምታዩትም ነገር ሁሉ በእግር የሚደረስ ነው።

ቅዳሜ ያለፈው እንደ ሕልም ነው። ያርማውዝ ላይ ሄንሪ ስምንተኛ ያሠራውንና በፈረንጆች አቆጣጠር በ1547 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ያለቀውን ትንሽ ምሽግ አየን። ከዚያ የያር ወንዝን ይዘን በእግር ወደ ፍሬሽዋተር ሄድን። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር፣ በ1953 ተዘግቶ አሁን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ሜዳ ስለሆነ ለሽማግሌም ለሕፃንም ይመቻል። በቀኝ በኩል ጭቃው ላይ ወፎች ይለቅማሉ። ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው አንድ ነጭ ወፍ ለረጅም ጊዜ አዩና "ይኼማ ጣና ዳር አለ" አሉ።

የካሜሮን ቤት ዲምቦላ ይባላል። ሁለት ቤት ገዝታ መሐላቸው ላይ ማማ አቁማ ነው አንድ ያደረገቻቸው። የከሰል ማስቀመጫውን ፎቶ ማጠቢያ፣ መስታወት የነበረውን የዶሮ ቤት ደግሞ ስቱዲዮ አድርጋው ነበር። በዚያ ዘመን ለአንድ ፎቶ ሳይንቀሳቀሱ ደቂቃዎች መቀመጥ ግድ ነበር። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ስልኬን ተቀብለው የዓለማየሁን ፎቶ እንደገና አዩት። "እናቱ ከሞተች ስንት ጊዜዋ ነው?" አሉ። "ሁለት ወር ገደማ" አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ያኔ ብንመለስ ጥሩ ነበር።

የእሑድ ዕቅዴ የደሴቱን ጫፍ፣ ኒድልስ የሚባሉትን ከባሕር የወጡ ሦስት ነጫጭ አለቶች ማየት ነበር። መርፌዎቹ ማለት ነው። መርፌ የሚመስለው አራተኛው በ1764 ወድቋል፤ የቀሩት እንኳን መርፌ አይመስሉም፣ ግን ያምራሉ። ጫፉ ላይ ከ1859 ጀምሮ የቆመ የመርከብ መብራት ማማ አለ። እስከዚያ በአውቶቡስ ሄደን በአውቶቡስ ልንመለስ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ደውዬ ጠይቄያለሁ። ስልክ ያነሳው ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር "እስከ አምስት ሰዓት አለ፣ አታስብ" ብሎኛል፤ በእኛ 11 ሰዓት መሆኑ ነው።

ሁለት ነገር አላሰብኩም። አንደኛ፣ ያ እሑድ የፈረንጆቹ ጥቅምት (ኦክቶበር) የመጨረሻው እሑድ ነበር፤ እንግሊዝ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ የምትመልስበት ቀን። ስልኬ ሌሊት በራሱ ተስተካክሏል። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝ በጋ የአውቶቡስ ፕሮግራም እያለቀ ነበር።

እላይ የድሮውን የመድፍ ምሽግ አየን፣ ሻይ ጠጣን፣ ጋሼ ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ተረኩልኝ። ከዚያ ፌርማታው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳነበው የመጨረሻው አውቶቡስ ከግማሽ ሰዓት በፊት ሄዷል። አንድ የመረጃ ጠረጴዛ ነበር፣ ጠየቅኩ። ወጣቷ ቀና ብላ ጋሼን አየቻቸው። ሽበታቸውን አየች፣ ከዘራቸውን አየች፣ ልስልሱን የቆዳ ጫማቸውን አየች። ካርታ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረችልኝና "በኮረብታው በኩል አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ በጣም ደስ የሚል መንገድ ነው" አለችኝ። ስንት ሰዓት እንደሚመሽ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ በእሷም በራሴም እናደዳለሁ፣ በራሴ ይብሳል።

ምክንያቱም ጋሼ ነግረውኝ ነበር። የእጅ ሰዓታቸውን የሚሞሉት በሐበሻ አቆጣጠር ነው፤ ያን ሌሊት ማንም አልነካውም። አዩትና "10 ሰዓት ተኩል ሆኗል እኮ፣ ልጄ። ሊመሽ ነው" አሉኝ።

"የለም ጋሼ፣ ሰዓትዎ ቀድሟል" አልኳቸው። "ገና 9 ሰዓት ተኩል ነው።"

ስልኬ ልክ ነበር። ስለ ፀሐይዋ ግን ልክ የነበሩት ጋሼ ናቸው። እኛ አገር ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ነው የሚመሸው። እዚህ ሰዓቱ በተቀየረበት ቀን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ዓመታት ኖሬበት ይህን አውቃለሁ። ለንደን ውስጥ ግን የመንገድ መብራት ስላለ ማምሸት አያስፈራም፣ ለዚያ ነው ያልታሰበኝ።

ኮረብታው ቴኒሰን ዳውን ይባላል፣ መንደሩ ይኖር በነበረው ገጣሚ ስም። ከፍታው 147 ሜትር ነው። ደብረ ታቦር ላደገ ሰው ይህ ኮረብታ አይባልም፣ ጋሼ ከእኔ ቀድመው ነበር የሚሄዱት። ችግሩ መሬቱ ነው። ከሣሩ ሥር ያለው ጠመኔ ነው፣ ያው ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ዓይነት። እርጥበት ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በስተቀኝ ገደሉ እስከ ባሕር ቁልቁል ይወርዳል፣ አጥርም የለውም።

ግማሽ መንገድ ላይ ጭጋግ ከባሕር ወጣ። ቀስ ብሎ አይደለም የመጣው። ዞር ስል መጣንበት የነበረው መንገድ የለም። ከዚያ ጨለመ። ማዕበሉ ከታች ይሰማል፣ ግን የትኛው አቅጣጫ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። የስልኬን መብራት ሳበራ ጭጋጉ ነጭ ግድግዳ ሆነ፤ ከማጥፋት ባሰ። ባትሪው 9 በመቶ ነበር። የጋሼን ክንድ ያዝኩ። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዳዊት ይደግማሉ።

በድንገት ከፊታችን አንድ ትልቅ የድንጋይ መስቀል ብቅ አለ። በ1897 ለገጣሚው የቆመ ሐውልት ነው። ጋሼ ይህን አያውቁም፣ እኔም ለመንገር ትንፋሽ አልነበረኝም። ሄደው ተሳለሙት። ከዚያ ዞረው አንድ እርምጃ ሲራመዱ ተንሸራተቱ። የወደቁት በእጃቸው ላይ ነው። ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

ሳሩ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "ደህና ነኝ" አሉኝ፣ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጃኬቴን አለበስኳቸው። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ የውሻ ጩኸት ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሁለት መብራት። ባልና ሚስት ናቸው፣ ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረዋል። ሰውየው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ጋሼን በጤነኛ እጃቸው ደገፋቸው። ሴትየዋ ከፊት እየመራች ወደ ግራ፣ ወደ ቁጥቋጦው አስጠግታ አወረደችን። መንገዱ ከገደሉ ምን ያህል ይርቅ እንደነበር ጠየቅኳት። "አሁን አትጠይቀኝ" አለችኝ።

ከቁልቁለቱ ወርደን መኪናቸው እስኪመጣ የቆምነው ከቅድስት አግነስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። በ1908 የተሠራ ነው፣ ጣሪያው የሣር ክዳን ነው። ጋሼ ቀና ብለው አዩትና "እንደ አገራችን" አሉ። ከዚያ "ወጌሻ ይኖራቸው ይሆን?" ብለው ጠየቁኝ።

የእጅ አንጓቸው ተሰንጥቆ ነበር። ኒውፖርት ሐኪም ቤት ሌሊቱን አደርን። እንግሊዝ አገር አስቸኳይ ክፍል ለጎብኚም በነፃ ነው የሚያክመው። ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ግን ያስከፍላል። ስለዚህ ዘመድ ስታስመጡ የጉዞ ኢንሹራንስ ሳትገዙ እንዳታወጧቸው።

ስለ ኮረብታው ደግሞ ብሮሸሩ ከመርፌዎቹ ጀምሩ ይላል፣ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋችሁ። አትስሙት። ጠዋት ከመንደሩ ተነሱ። ነፋሱ ፊታችሁን ቢመታም ጭጋግ ከመጣ ወደ ሰው ቤት መመለስ ትችላላችሁ። ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሰዓት እጥፍ አድርጉት። ጎማ ሶል ያለው ጫማ ለሽማግሌው ግዙ፣ እምቢ ቢሉም ግዙ። ከኦክቶበር መጨረሻ በኋላ ከሆነ ከምሳ በኋላ ወደ ገደሉ አትውጡ።

ሰኞ ዕለት ኦዝቦርን ልንሄድ ነበር፣ ልጁ ንግሥቲቱ ፊት የቆመበትን ቤት ልናይ። በዚያ ፋንታ ጋሼ እጃቸውን በጄሶ አስረው በጀልባው መስኮት ደሴቱ ሲርቅ ያዩ ነበር።

አሁን ደብረ ታቦር ናቸው። ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ።

"የንግሥቲቱን ቤት ሄደህ አየኸው?"

"አላየሁም ጋሼ። እርስዎን እየጠበቅኩ ነው።"