40 የቱሊፕ ራስ ይዤ 9 ብቻ ያበበልኝ ለምን ነበር

እህቴ ለገና ከሆላንድ ስትመጣ 40 የቱሊፕ ራስ (አበባው የሚበቅልበትን፣ ሽንኩርት የሚመስለውን) ይዛልን መጣች። እማዬ ከዓመታት በፊት እሷን ልትጠይቅ ሄዳ ኪውከንሆፍ የሚባለውን የአበባ መናፈሻ አይታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሐረር ባለው ግቢዋ አንድ ጊዜ እንኳ ቱሊፕ ሲያብብ ማየት ምኞቷ ነው። ከ40ው ያበበው 9 ነው። 26ቱን በገዛ እጄ አጠፋኋቸው። አንድ ሰው ቀድሞ በአንድ መስመር ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ አይደርስም ነበርና እነሆ እኔ ልጻፈው።

ችግሩ ከግዢው ይጀምራል። ቱሊፕ አውሮፓ ውስጥ የሚተከለው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ ብርዱን መሬት ውስጥ ያሳልፍና ሲሞቅ ያብባል። ታህሳስ ላይ ሱቆች የተረፋቸውን በግማሽ ዋጋ ይሸጣሉ፤ እህቴም የገዛችው ያንን ነው። እነሱ ዛሬ ገዝተው ነገ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ይቀብሩታል። ለእኛ ግን የዘገየ ግዢ ቅናሽ አይደለም። ቱሊፕ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ከ9 ዲግሪ በታች ካልቆየ አያብብም፤ እኔ በምኖርበት ድሬዳዋ ደግሞ ይህ ብርድ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ነው። ጥር 1 ፍሪጅ የገባ ራስ የሚወጣው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ ከተማው መጋል ሲጀምር ነው።

(ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀቱና የማስገቢያ ፈቃዱ ቀድሞ ይለቅ። እህቴ ጨርሳው ስለመጣች አልተቸገርንም።)

ምክር ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የአትክልት ባለሙያ የተባሉት ሰውዬ ከረጢቱን ከፍተው እንኳ ሳያዩ «ሽንኩርት ነው፤ ዛሬውኑ ቅበረው» ብለው ሸኙኝ። ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍም እንደገዙ ትከሉ ይላል። ሁለቱንም አልሰማሁም፤ በዚህ ትክክል ነበርኩ። እዚህ እንደመጣ የተቀበረ ቱሊፕ ጥቂት ቅጠል አውጥቶ ይቀራል። አሁንም ቢሆን አንድ ባለሙያ የማያውቀውን ነገር አላውቀውም ማለት እንዴት እንደሚያቅተው ሳስብ ይከነክነኛል።

ከዚያ ግን አንድ ቪዲዮ ላይ «ፍሪጅ ውስጥ፣ የፍራፍሬ መሳቢያው ላይ አስቀምጡ» ሲባል ሰማሁና እንደተባለው አደረግሁ። 26ቱን በካኪ ወረቀት ጠቅልዬ እዚያ ደረደርኳቸው። የቀሩት 14ቱ አልገባ ስላሉኝ ከዚራ ሰፈራችን ያለው ጎረቤቴ ባለሱቁ ተቀበለኝ። «አቦ ምን ችግር አለው! እዚህ ከውሃና ከለስላሳ በቀር የሚገባ የለም» አለኝ። እነዚያን 14 በፌስታል ነበር የሰጠሁት፤ ፌስታሉ ላብ አምቆ ሦስቱ ሻግተው በሰበሱ። ፌስታል አትጠቀሙ፤ አየር ያስፈልገዋል። ላዩ ላይ ብቻ ሰማያዊ ሻጋታ የያዘውና ሲጨብጡት ጠንካራ የሆነው ግን ተጠርጎ ይተከላል።

በእኛ ቤት ፍሪጅ ፍሬ አይጠፋም። ፓፓያው ሲያልቅ ሙዝ ይገባል፣ ሙዙ ሲያልቅ ዘይቱን። እኔም በየሳምንቱ መሳቢያውን ስቤ ራሶቹን ስዳስስ፣ ጠንካራና ጤነኛ ሆነው ሳገኛቸው ደስ ይለኝ ነበር። መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ማንም ፍሪጁን እንዳይከፍት እቆጣለሁ። ስንት ነገር ተጠነቀቅኩ! ከጎናቸው የተጋደመውን ፓፓያ ግን አላየሁትም።

የሚበስል ፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። አይታይም፤ ከፍሬው ሽታም ለይተን አናውቀውም። በተዘጋ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ይጠራቀማል። የቱሊፕ ራስ ውስጥ አበባው ገና ሳይተከል ተሠርቶ ተቀምጧል፤ ኤቲሊኑ ያንን ጽንስ ያደርቀዋል። ራሱ አይበሰብስም፣ ቅጠሉም ይወጣል፤ የሚሞተው አበባው ብቻ ስለሆነ ከውጭ ምንም ምልክት አይታይም።

ሚያዝያ 10 ሁሉንም ይዤ ወደ ሐረር ወጣሁ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል፤ ባቡሩ ሊወጣው ያልቻለውን የደንገጎን ዳገት ስታልፉ አየሩ ራሱ ይነግራችኋል። አተካከሉ ቀላል ነው፦ የሸክላ ማሰሮ፣ ውሃ የማይቋጥር አፈር፣ የራሱን ቁመት ሦስት እጥፍ ጥልቀት፣ ሹሉ ወደ ላይ። ማሸጊያው ሙሉ ፀሐይ ይላል፤ ለእኛ አገር አይሆንም። የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል፤ ከረፋድ በኋላ ጥላ፣ አፈሩ ላይ ደግሞ ጭድ።

ያን ዕለት ከባለሱቁ ፍሪጅ የመጣውን አንዱን የሻገተ ራስ ልጥለው ስል ለሁለት ሰነጠቅኩት። መሀሉ ላይ የጥፍር ያህል አበባ ተቀምጧል፤ ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ ስድስቱ ወንዴዎች (የአበባ ዱቄት የሚይዙት ክሮች) አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ለእማዬ አሳየኋት፣ ተደነቅን። ከእኔ 26 አንዱን ግን አልሰነጠቅኩም። ብሰነጥቀው ኖሮ እማዬ ባዶ ማሰሮ አምስት ሳምንት ባልጠበቀች። ከመትከላችሁ በፊት ከየቦታው አንድ አንድ ቁረጡ፤ አንድ ራስ ማጣት ምንም አይደለም።

ግንቦት ሲገባ የእኔዎቹ ቅጠል ሰፊና ያማረ ሆነ። የባለሱቁዎቹ መሀል ላይ እምቡጥ ብቅ አለ፤ የእኔዎቹ መሀል ባዶ ነው። እማዬ «ይዘገያሉ እንጂ ይመጣሉ» እያለች ታጠጣለች። በሦስተኛው እሑድ አንዱን ነቅዬ በኩሽና ቢላ ሰነጠቅኩት። በቅጠሎቹ መካከል ቡናማ፣ እንደ ሻይ ቅጠል የደረቀ ጭራ አገኘሁ። አበባው እሱ ነበር። ሌላ ነቀልኩ፣ ያው ነው። እማዬ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ምንም አላለችም፤ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት እህቴን በመስከረም ግዢ ብያታለሁ፣ ሙሉ ዋጋም ቢሆን። ጥቅምት መግቢያ ላይ ፍሪጅ ከገባ ጥር ላይ ይወጣል፤ ያኔ ሐረር ሌሊቱ ብርድ ነው። ያበበውን ራስ ለከርሞ አላስቀምጥም፤ በእኛ ሙቀት መልሶ አይጠናም። ከረጢቱ ላይም በትልቁ «አይበላም» ብላችሁ ጻፉ፤ ሽንኩርት መስሎ ወጥ ውስጥ እንዳይገባ።

ከባለሱቁ 11 ጤነኛ ራሶች ሁለቱ ቅጠል ብቻ አወጡ፣ 9ኙ እምቡጥ ያዙ። ግንቦት 17 ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ቀዩ ሊከፈት ነው። ፀሐይ ሳይመታው ድረስበት» አለችኝ።

በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ስደርስ ሦስቱ ተከፍተዋል፤ እማዬ ማሰሮዎቹን ወደ ጥላ ስባ፣ በርጩማዋን አጠገባቸው አድርጋ ተቀምጣለች።