«ማዶ»ን እስክንለቅ፦ የስምንት ወር ማስታወሻ ከጣና ዳር

ባለፈው ዓርብ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማችንን ለቀቅን። «ማዶ» ይባላል። አራት ልጆች ነን፤ ሁለት ጊታር፣ ቤዝና ድራም። ባሕር ዳር፣ ፖሊ አካባቢ በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ወር ስንለፋበት ቆየን። የአገራችን የሮክ ቡድን ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያ አልበሙን ካወጣ በኋላም «ሮክ በአማርኛ አይሆንም» የሚል ሰው አልጠፋም። ይሆናል። ግን ቋንቋውን መስማት ይጠይቃል። እኛ ሦስት ወር የፈጀብንን ነገር እናንተ በአንድ ከሰዓት እንድትጨርሱት ነው የምጽፈው።

ሦስት ወር የበላችን «አለ» የምትለዋ ቃል ናት።

አዝማቹ «ከሐይቁ ማዶ ሰው አለ» ብሎ ያበቃል። መጀመሪያ የሠራነው በፎር ፎር፣ ማለትም በአራት እኩል ምት ነበር፤ ፈጣን፣ ቀጥ ያለ የሮክ ድራም። ሪፉ፣ ያቺ የምትደጋገመው የጊታር ሐረግ፣ ታምራለች። ድምፃዊያችን ግን በዚያ ፍጥነት «ለ»ን አጥብቆ ለመያዝ ጊዜ አያገኝም፤ ቃሉ ላልቶ ይወጣል። ይህን ማናችንም ልብ አላልንም። አንድ ቀን ለእናቴ በስልኬ አሰማኋት። ጸጥ ብላ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ጥሩ ነው ልጄ፤ ግን ሰውየው ምን አለ?» አለችኝ።

ለካ እሷ የሰማችው ስለተናገረ ሰው ነው። እኛ የጻፍነው ማዶ ስለቀረ ሰው ነው። ሲጠብቅ መኖር፣ ሲላላ መናገር። ስናነበው ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይጠቁመናል። ሲዘፈን ግን ምቱ ነው የሚወስነው።

በማግስቱ ግጥሙን ወረቀት ላይ ገልብጠን የሚጠብቁትን ፊደላት በሙሉ በእርሳስ አከበብናቸው። የሚጠብቅ ፊደል ጊዜ ይበላል። ከመውጣቱ በፊት ትንሽ ታገድ ማለት አለበት፤ ስለዚህ ከእሱ በፊት ያለው ድምፅ ረዘም ያለ ቦታ ይፈልጋል። በእኩል እኩል በተከፈለው ምት ላይ ልናስቀምጠው ብንል አልገባ አለን። ድራመራችን ልጅ ሆኖ ሠርግ ቤት ከበሮ ይመታ ነበር። «በችክችካ እንሞክረው» አለ፤ ማለትም በሲክስ ኤይት። ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር። «አል» ረጅሟ ላይ አረፈች፤ «ለ» ተከትላ ዱብ አለች። እናቴ ድጋሚ ስትሰማው ምንም አልጠየቀችም። ትከሻዋ ብቻ ተነቃነቀ።

የዘፈኑ ቅኝት ባቲ ማይነር ነው፤ ከአገራችን ባለአምስት ኖት ቅኝቶች አንዱ። ጊታር የጀመረ ሁሉ መጀመሪያ የሚለማመደው ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባል ስኬል ኖቶቹ ከባቲ ማይነር ጋር አንድ ናቸው፤ ከኤ ብትነሱ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ይህን ያወቅኩ ቀን በጣም ደስ አለኝ። የሰው አገር ስኬል እየተለማመድኩ ነው ብዬ ሳስብ፣ ጣቶቼ ለካ እቤታቸው ነበሩ። ልዩነቱ አካሄዱ ላይ ነው፤ ዜማው የት እንደሚያርፍ፣ የቱ ኖት ላይ ድምፁ እንደሚርገበገብ። ያንን አዝማሪ ቤት ቁጭ ብዬ ማሲንቆ ሳዳምጥ ነው ያገኘሁት። ከዚያ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ጊታሪስቶች ይህቺን ያዙልኝ። ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው) ሲበዛ ሙሉ ኮርድ ይደፈርሳል። ሮክ ፓወር ኮርድ የሚወደው ለዚህ ነው፤ ሥሩን (መነሻ ኖቱን) እና ከእሱ አምስተኛውን ብቻ ይይዛል፤ ለምሳሌ ኤና ኢ። በዚህ ባቲ ውስጥ ኤ፣ ሲ፣ ዲና ጂ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ኢ ላይ ስትደርሱ ግን አምስተኛው ቢ ነው፤ ቢ ደግሞ ቅኝቱ ውስጥ የለም። እኛ ዝም ብለን እንመታው ነበር። ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ዘፈኑ ይበርድብናል፤ ምክንያቱ አይገባንም። አሁን ኢ ላይ ሁለቱም ጊታሮች አንድ ኖት ብቻ ይመታሉ፤ አንዱ ከፍ አድርጎ፣ አንዱ ዝቅ አድርጎ። ከዘፈኑ ሁሉ አብልጬ የምወደው ቦታ ሆኗል።

ስለ ቀረጻው ብዙ የምለው የለኝም። ክረምት ነበር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ዝናብ ሲመጣ ቀረጻውን አቁመን ቡና እናፈላለን። ቀን ቀን የባጃጅ ድምፅ አያስቀርጽም፤ ስለዚህ ድምፁን የቀረጽነው ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ላይ ሁለት ጋቢ ሰቅለን ነው። መብራት ድንገት ይጠፋልና በቀረጻችሁ ቁጥር ሴቭ አድርጉ።

አለቃቀቁ ላይ ሁለት ነገር አበላሸን። አንደኛው፣ ማስተሩን (የመጨረሻውን ቅጂ) ከልክ በላይ አስጮህነው። ስፖቲፋይ ዘፈኖችን ወደ ነጌቲቭ 14 ሉፍስ አካባቢ ያስተካክላል (ሉፍስ የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይጮኻል)፤ የጮኸውን ዝቅ ያደርገዋል። የእኛ ነጌቲቭ 8 ላይ ነበር። ዝቅ ሲል የድራሙ ጉልበት የለም፤ ድምፁ ለጥ ብሎ ቀረ። እንደገና ነጌቲቭ 11 አካባቢ ሠራነው፤ ያን ጊዜ ከበሮው ተነፈሰ። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ለስፖቲፋይ ፕሌይሊስት አዘጋጆች የሚላከው ጥያቄ ዘፈኑ ከመውጣቱ ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ እንዲገባ ይመከራል። እኛ 4 ቀን ሲቀረን ደረስን፤ አመለጠን። ማስተሩ ካለቀ በኋላ ሦስት ሳምንት ታገሱ። ፋይሉ ዋቭ ይሁን፣ ሽፋኑ 3000 በ3000 ፒክስል። የእኛ ሽፋን ላይ ያለችው የደንገል ታንኳ ነች፤ ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ሲል ያነሳናት።

ዓርብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ አራታችንም ጣና ዳር በአንድ ስልክ ዙሪያ ተቀምጠን ነበር። «ማዶ» ሲጀምር ማንም አላወራም። ቤዙ በስልክ ስፒከር አይሰማም፤ ቤዚስታችን ግን እያንዳንዷን ኖት በእግሩ መሬት ላይ ይመታት ነበር።

ቀጣዩን ዘፈን በሌላ ቅኝት፣ በአንቺሆዬ ጀምረናል። ከኤ ስንነሳ ኢ የለም፤ ሥሩ ራሱ አምስተኛውን አያገኝም። ፓወር ኮርድ የሚገባው ዲና ኢ ፍላት ላይ ብቻ ነው። አንቺሆዬን በዲስቶርሽን የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ኤ ላይ ምን እንደያዛችሁ ንገሩን።