ወራጅ አለ! ከመስቀል አደባባይ እስከ ስድስት ኪሎ በእግር

አዲስ አበባ ውስጥ የት እንሂድ ሲባል መልሱ ሁሌ ያው ነው። እንጦጦ ፓርክ፣ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ። ደስ ይላሉ፣ አልክድም። ግን መሃል ከተማው ላይ፣ በየቀኑ በታክሲ ሽው በምንልበት መንገድ ዳር፣ ከአጥርና ከዛፍ ጀርባ ያለውን ስንቶቻችን ገብተን አይተነዋል? እኔና የአክስቴ ልጅ ከመስቀል አደባባይ ተነስተን እስከ ስድስት ኪሎ በእግራችን የወጣነው ለዚህ ነው። መንገዱ ቢበዛ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገት ስለሆነ ግን በጠዋት ጀምሩት።

መነሻችን አዲስ አበባ ሙዚየም ነበር። አደባባዩ ዳር ከፍ ብሎ የቆመው፣ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ነው። የራስ ብሩ መኖሪያ ነበር፤ ከተማዋ መቶ ዓመት ስትሞላ በ1979 ዓ.ም. ሙዚየም ሆነ። የድሮ ፎቶዎቹን ሳታዩ አትውጡ።

ከዚያ አፍሪካ አዳራሽ አለ፣ በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት። ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ብቻ 150 ካሬ ሜትር ነው። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም፣ አስቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃል። ለሌላ ቀን አቆየነውና ዳገቱን ተያያዝነው።

የመንገዱ ዋና ነገር ለእኔ በአታ ነው። ታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ያለው፣ ጉልላቱ ላይ ዘውድ የተቀመጠበት ቤተ ክርስቲያን። ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው ማረፊያ ብለው ያሠሩት ነው። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ደረስን፣ ጫማ አውልቀን ገባን፣ አንድ አባት ጠጋ አሉን።

«ከየት ነው የመጣችሁት ልጆቼ?»

«ከዚሁ ነን አባቴ፣ ከገርጂ።»

«ከዚሁ?» አሉና ፊታቸው በራ። «የውጭ ሰው ነው አዘውትሮ የሚጠይቀን።»

ምንጣፉን ሰብሰብ አድርገው ወለሉ ላይ ያለውን ከባድ የብረት መዝጊያ ከፈቱልን። ደረጃው ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ታች ቀዝቀዝ ይላል፣ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ምኒልክ፣ ጣይቱ፣ ዘውዲቱ። ሦስቱም እዚያ ናቸው። እኔ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አድዋን በየዓመቱ እናከብራለን፣ ሐውልቱ ሥር ፎቶ እንነሳለን፤ ሰዎቹ ያረፉበት ቦታ ግን አራት ኪሎ ታክሲ ከምንጠብቅበት በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው፣ እኔም ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቡ ተሰልፌአለሁ። አራተኛዋ ልዕልት ፀሐይ ናቸው። ለንደን ነርስነት ተምረው የመጡ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በ1934 ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት ያረፉት ገና በ22 ዓመታቸው ነው። የዛሬው ጦር ኃይሎች ሆስፒታል መጀመሪያ የተሰየመው በሳቸው ነበር። የአክስቴ ልጅ ራሷ ነርስ ናት፤ ከሁሉም በላይ እዚያ መቃብር ጋ ነው የቆየችው።

ሥላሴ ካቴድራል ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ አላራዝምም። ግን ከፊት ለፊቱ ካሉት መቃብሮች መሃል የሲልቪያ ፓንክረስትን ፈልጉ። እንግሊዛዊት ናቸው፤ ጣሊያን ሲወረን ስለ እኛ ጋዜጣ እያሳተሙ አገራቸውን የሞገቱ፣ በኋላም እዚሁ መጥተው ኖረው በ1953 የመስቀል ዕለት ያረፉ። ልጃቸው ሪቻርድም እዚያው ተቀብረዋል። እኛም ቀጥለን የሄድነው ሪቻርድ በ1955 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ወደሆኑበት ተቋም ነው።

የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ስድስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ውስጥ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው ያለው። እዚያ የተማሩ ጓደኞች አሉኝ፤ አራት ዓመት ግቢው ውስጥ ኖረው ሙዚየሙን አላዩትም። የጃንሆይ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት እንዳለ ተቀምጧል። መስታወቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የጥይት ቀዳዳ አለው፣ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የቀረ። በሙከራው የታገቱት ባለሥልጣናት የተረሸኑትም እዚሁ ቤተ መንግሥት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ንጉሡ ከዚያ ወዲህ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ስለዚያ ታኅሣሥ ስንት ጊዜ አንብቤአለሁ፣ ቀዳዳዋን እንዳየሁ ግን ነገሩ ሌላ ሆነብኝ።

ስትወጡ ደጁ ላይ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ታያላችሁ። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፣ አንዱ ደረጃ ለአንድ የፋሺስት ዓመት፣ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ጀምሮ እየተቆጠረ። አገር ነፃ ሲወጣ ወገኖቻችን አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም!

አቅም ከተረፋችሁ እዚያው ስድስት ኪሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልም አለ። ሠዓሊው በ1973 በስደት አሜሪካ ነው የሞተው፣ ሥራዎቹም ለዓመታት ጀርመን ቆይተው ነው አገራቸው የገቡት። ለነዚህ ሥዕሎች ሲባል ብቻ ሌላ ቀን ተመልሰን እንሄዳለን፣ እግራችን አልችል ብሎ ቶሎ ወጣን።

የሚቀጥለው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ነው። የአርመን ቤተ ክርስቲያን፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ ጣይቱ ሆቴል። የሰፈሩ ልጆች፣ ሌላ የምታውቁት በር ካለ ንገሩን፣ እናንኳኳለን።