ለአዝማሪስ ቀብድ የለውም?

ለአዝማሪ ዋጋ የማንቆርጥለት ለምንድን ነው? ትናንት ደብረ ማርቆስ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ዲጄው ቀብዱን ቀድሞ ወስዷል፤ ቀሪውንም ድንኳኑ ሳይፈርስ ቆጥሮ ተቀበለ። ለአዝማሪው ግን የተባለው «በሽልማት ትሠራለህ» ብቻ ነው።

ደግሞ እንዴት ያለ አዝማሪ መሰላችሁ! በዚያች በአንዲት የጭራ ክር ድንኳኑን አናወጠው። የሙሽራውን አጎቶች ከነአገራቸው እያነሳ ያወድሳል። አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጠው ከአፉ ነጥቆ ያዜመዋል። ግንባሩ ላይ የለጠፉለት ብር በላብ ርሶ ወደቀ፣ ጨፋሪዎቹም ረገጡት። ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ በጋቢው ጠረገውና ቀጠለ። አንጀቴን በላው።

ዲጄውን አልጠላም። ወጣቱ የፈለገውን ይጨፍር፣ ጊዜው ነው። ስፒከሩም ጄኔሬተሩም ወጪ አለው። ግን ማሲንቆ መያዝስ ስንት ዓመት ይፈጃል? ሙያ እኮ ነው!

በዚያ ላይ አንድ ልጅ ስልኩን ደቅኖ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገባ። ስጦታው ለእሱ ይዘንባል፣ ዘፋኙን ያስፈቀደው የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝም፣ ማለትም ለሚዘፍነውና ለሚጫወተው፣ መብት ሰጥቷል። ድንኳን ውስጥ ግን ይህን የሚያስታውስ የለም።

የእህቴ ሰርግ ጥር ላይ ነው። ከአባዬ ጋር ተነጋግረናል፤ ለአዝማሪው እንደ ዲጄው ዋጋ ቆርጠን ቀብድ እንሰጣለን። ሽልማቱ በላዩ ላይ ይመረቅለታል።