ከአንኮበር እስከ ጓሳ

ደብረ ብርሃን ተወልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬባታለሁ። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላም ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ስመላለስ 130 ኪሎ ሜትሩን መንገድ በጨለማም ብሄድ አልስተውም። ከእናቴ ቤት ወዲያ ያለውን አገር ግን አላውቀውም ነበር። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ የሆነ የባሌ ልጅ፣ "አንኮበር እናንተ አገር አይደል? ምን ይመስላል?" ቢለኝ የምመልሰው አጣሁ። አፈርኩ። ማታውኑ ለአጎቴ ደወልኩ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች እየተዘዋወሩ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። "ጋሼ፣ አገሩን ያሳዩኝ" አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ "ጥር ላይ ና። ጭቃውም ደርቆ ይቆያል፣ እኔም ገና እግር አለኝ" አሉኝ። ይህ በ2010 ዓ.ም. ነው።

ደብረ ብርሃን ጥር ላይ ሲነጋ ሣሩ ነጭ ነው። ውርጩ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል፤ የኩበት ጭስ ከየቤቱ እየወጣ መሬት ለመሬት ይሳባል። ጋሼ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ሥላሴ ደጅ ጠበቁኝ። ከተሳለምን በኋላ የከተማዋን ነገር ከሥሩ ጀመሩልኝ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚህ ሳሉ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብለው ቤተ ክርስቲያን አነጹ፣ ቦታውንም ደብረ ብርሃን አሉት። ይህን እኔም ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ያልተማርኩት ግን ወደደልኝ የተባለው ሥራ ምን እንደነበረ ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ተወግረው ነበር። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከተማዬን እወዳታለሁ፤ ስሟን በጠራሁ ቁጥር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እነዚያም ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ለልጆቻችን ስንነግር ብርሃኑንም ድንጋዩንም አብረን ብንነግር ደስ ይለኛል።

ወደ አንኮበር የሚሄደው ሚኒባስ ከመናኸሪያ የወጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። መንገዱ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብዛኛው ሜዳ ነው፤ የገብስ ቃርሚያ፣ የድንጋይ ካብ፣ የተከመረ ኩበት፣ ባሕር ዛፍ። ከዚያ ሜዳው ድንገት ያልቃል። ሌላ ቃል የለኝም፤ መሬቱ ያልቅና ከእግርህ በታች ተራራ በተራራ ላይ እየተደራረበ እስከ አፋር በረሃ ይወርዳል።

የቤተ መንግሥቱ ጉብታ ላይ ለመድረስ በእግር ዳገት መውጣት አለ። ጋሼ ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። ያኔ ከላይ ያየነው ትልቁ ቤት በድሮው ቤተ መንግሥት አምሳል በቅርብ ዘመን የተሠራ ማረፊያ ነበር። የጥንቱን የፈለገ ሰው ወደ ጎን ማየት አለበት። ሽበት የበቀለበት የድንጋይ ካብ፣ በቁጥቋጦ የተዋጠ መሠረት፣ በቃ ይኸው ነው። እጄን ካቡ ላይ አሳርፌ ብዙ ቆየሁ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ከዚህ ነው። በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲዋዋሉ መልእክተኞቹ ከባሕር ዳርቻ ተነሥተው የወጡት ከፊታችን የሚታየውን ገደል ነው።

"ለምን እዚህ ሠሩት መሰለህ?" አሉኝ ጋሼ። በበትራቸው ወደ ታች አሳዩኝ። አልዩ አምባ ከሥራችን እንደ እፍኝ ጥሬ ተበትኖ ይታያል። ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ፣ ጨውም ጨርቅም የጫነው፣ የሚያርፈው እዚያ ነበር። አርጎባዎቹ ዛሬም እዚያው አሉ። አንኮበር ላይ የተቀመጠ ንጉሥ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሁሉ ያያል፣ ይቀርጣል። ስሙም በር ነው፤ አንኮ የምትባል የኦሮሞ ባላባት በር ነበረች ይላል ያገሩ ሰው።

የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው፤ ከአዲስ አበባ ስመጣ ሁልጊዜ የማልፈው ጫጫ አጠገብ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ የምኒልክ አባት ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ፤ የ11 ዓመቱ ልጅ ወደ መቅደላ ተወሰደ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሲመለሱ ወጣት ናቸው። ከዚያ ልቼ፣ ከዚያ እንጦጦ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ያኔ ከተማ ማለት ንጉሡ ያለበት ቦታ ነው፤ ንጉሡ ሲነሣ ከተማውም ይነሣል። አንኮበር የቀረው ካብ ለዚህ ነው። ካቡም ቢሆን ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ድንጋዩ እየተፈነቀለ ሲሄድ ማየት ልቤን አሳምሞኛል።

በማግሥቱ ወደ መንዝ ተነሣን። የመንዝ መንገድ ጣርማ በር ላይ ይገነጠላል፤ ጋሼ ግን "የደብረ ሲና ቆሎ ሳይያዝ መንዝ አይገባም" ብለው ዋሻውን አቋርጠን እንድንወርድ አደረጉ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በልጅነቴ አንድ ጊዜ ለሰርግ ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ አውቶቡሱ ውስጥ ያለን ልጆች ሁሉ ጨለማው እስኪያልቅ እየጮህን ነበር ያለፍነው። አሁንም ሁለት ሕፃናት ጮኹ። ቆሏችንን ገዝተን፣ ጉሙ ውስጥ ተመልሰን ወጣን።

ጓሳ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ፣ ነፋሱ የማያርፍ ደጋ ነው። ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እንደ ዘበኛ ቆሟል። የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ደረቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ሣር ይነጫል፤ ሲመሽ ገደሉ ላይ ሊያድር ይወርዳል። ቀይ ቀበሮ አየሁ ብል የማያምነኝ ይኖራል፤ በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው። አየሁ ግን። የአይጥ ጉድጓድ ላይ አንገቷን ቀልሳ ቆማለች፤ አንድ እግሯን አንሥታ አላወረደችውም። እኛም መተንፈስ ፈራን። ዘልላ ያዘችና ሣሩ ውስጥ ጠፋች።

የጓሳ ጠባቂ የሆኑ ሽማግሌ አብረውን ነበሩ። እያወሩ ከሣሩ ጥቂት ነቅለው በመዳፋቸው መሐል ይፈትሉ ጀመር። ነገሩን ሳልከታተል ቀና ስል አንድ ክንድ ገመድ እጃቸው ላይ አለ። "ሳበው" አሉኝ። ሳብኩት፤ አልበጠስ አለኝ። ሣሩም ስሙ ጓሳ ነው፤ በእሱ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራል፣ ፍራሽ ይሞላል፣ መጥረጊያ ይታሰራል። ስለዚህም ሕግ አለው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ልጆች፣ መሬቱን ያቀኑት የሁለቱ አባቶች ዘሮች ማለት ነው፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብትም ማጭድም አይገባም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ በዘር የሚቆጠረውን መብት ሲሽረው ሥርዓቱም ፈረሰ፤ ሁሉም ገብቶ ያጭድ፣ ያግጥ ጀመር። ኋላ ሕዝቡ ራሱ መክሮ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ መለሰው።

የነገሥታቱ ካብ እየፈረሰ የገበሬው ሣር ቆሟል። አገሬ የምኮራበት ታሪክ አላት ሲባል ወደ አንኮበር ብቻ ነበር የማስበው፤ አሁን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጓሳ ነው።

ያደርነው መሐል ሜዳ፣ የጋሼ የድሮ ጎረቤት ቤት ነው። ባለቤቲቱ እማማ በምድጃው አጠገብ የበግ ፀጉር እየፈተሉ ጠላ አስቀዱልን። እንዝርቱን ሳያቆሙ፣ "የማን ልጅ ነህ የኔ ልጅ?" አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። "የእሱስ አባት?" ነገርኳቸው። የሱን አባት ስጠየቅ አላወቅሁም፤ ጋሼ ተቀበሉኝ። ከዚያ ሁለቱ ይቆጥሩ ጀመር፤ እየተራረሙ፣ እየተከራከሩ፣ አንዱን ስም ሦስት ጊዜ እየመለሱ። በመጨረሻ እንዝርቱ ቆመ። "የጌራ ነው!" አሉ እማማ፤ ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። ሌሊት ያለበሱኝ ዝተት ከባድና የበግ ሽታ ያለው ነበር፤ እንደዚያ ሌሊት የሞቀኝ ጊዜ የለም።

ጠዋት ስንወጣ በጓሳ የታሰረ መጥረጊያ ሰጡኝ፤ "ለእናትህ" ብለው። ደብረ ብርሃን ገብቼ ለእናቴ ሰጠኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ አፍንጫዋ ላይ ያዝ አደረገችው።

"ጓሳው ተከፍቶ ነበር እንዴ?" አለችኝ።